ኒልስ ፊንሰን

ኒልስ ሪበርግ ፊንሰን (ዲሴምበር 15 ቀን 1860 – ሴፕቴምበር 24 ቀን 1904 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 7 ቀን 1853 እስከ መስከረም 14 ቀን 1897 ዓ.ም.) በፋሮ ደሴቶች የተወለደ፣ ከአይስላንድ ቤተሰብ የመጣ የዴንማርክ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። በተለይ ሉፐስ ቩልጋሪስ የተባለውን የቆዳ ቲቢ ያለ ቢላዋና ያለ መድኃኒት፣ በተሰበሰበ ብርሃን ብቻ በማከም ይታወቃል። ለዚህ ሥራው የ1903 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተሰጥቶታል። ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ዴንማርካዊም እርሱ ነው።

ፊንሰን ዘመናዊውን የብርሃን ሕክምና የመሠረተ ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ ለአንገት ሕመም፣ ለማይድን ቁስልና ለሌሎች ችግሮች የሚሞከረው ዝቅተኛ ኃይል ያለው የሌዘር ሕክምናም የሩቅ መነሻው እርሱ ነው። የሌላውን ሰው ገላ በብርሃን ሲያድን፣ የራሱን ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ይበላው ነበር። ያረፈውም ኖቤልን ከተቀበለ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ43 ዓመቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፊንሰን የተወለደው የፋሮ ደሴቶች ዋና ከተማ በሆነችው በቶርስሀቭን ነው። ደሴቶቹ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በስኮትላንድና በአይስላንድ መካከል ይገኛሉ፤ ከዴንማርክ መንግሥት ሥርም ናቸው። ክረምታቸው ረጅምና ጨለማ፣ ሰማያቸው ብዙ ጊዜ ደመና የሸፈነው፣ ፀሐይም የምትናፈቅበት አገር ነው። አባቱ ሐነስ ፊንሰን የአይስላንድ ተወላጅ ሲሆን በደሴቶቹ የመንግሥት አስተዳደር ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በኋላም የደሴቶቹ አስተዳዳሪ ሆነ። እናቱ ዮሐና ኒልስ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። አባቱ ከእርሷ ዘመዶች አንዷን አገባና ሌሎች ልጆችም ተወለዱ።

ኒልስ ፊደል የቆጠረው በቶርስሀቭን ነው። በ1874 ወደ ዴንማርክ ተሻግሮ ሄርሉፍስሆልም በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ግን አልቀናውም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልቡ መልካም የሆነ፣ ነገር ግን ችሎታውም ትጋቱም አነስተኛ የሆነ ልጅ አድርጎ ገመተው። ውጤቱ እየወረደ ስለሄደ በ1876 ቤተሰቡ ወደ አባቱ አገር ወደ አይስላንድ ላከው። በሬይክያቪክ በሚገኘው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ያም ሆኖ በ1882 ሲያጠናቅቅ ከ15 ተማሪዎች 11ኛ ነበር። ከ21 ዓመታት በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሚሆነው ወጣት ከትምህርት ቤት የወጣው እንዲህ ባለ ውጤት ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ኮፐንሀገን ሄዶ በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማጥናት ጀመረ። በወጣትነቱ አደንና በመርከብ መቅዘፍ የሚወድ፣ በእጁ ዕቃ መሥራትና ማሻሻል የሚቀናው ሰው ነበር። ይህ የእጅ ብልሃቱ በኋላ የብርሃን መሣሪያዎቹን ሲሠራ በጣም ጠቅሞታል። ትምህርቱን በ1890 ጨርሶ በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ክፍል ተቀጠረ። ሥራው ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ አስከሬኖችን ከፍቶ ማዘጋጀት ነበር። በ1893 ግን ሙሉ ጊዜውን ለምርምር ለማዋል ሲል ይህን ቦታ ለቀቀ፤ ኑሮውንም የሕክምና ተማሪዎችን በግል በማስጠናት ይደጉም ነበር።

በዲሴምበር 1892 የሪበ ከተማ ጳጳስ ልጅ የሆነችውን ኢንገቦርግ ባልስለቭን አገባ። አራት ልጆች ወለዱ፤ አንደኛው ግን በተወለደበት ቀን ሞተ።

በሽታው

ፊንሰን ሕክምና ማጥናት በጀመረ በዓመቱ፣ በ1883 አካባቢ፣ የበሽታው ምልክቶች መታየት ጀመሩ። ጉበቱን፣ ልቡንና ጣፊያውን የሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች ቀስ በቀስ እየወፈሩና እየጠጠሩ ሄዱ። በዚህ ምክንያት የደም ዝውውሩ ተስተጓጎለ፤ በሆዱም ውስጥ ውኃ መቋጠር ጀመረ። በሕይወት ዘመኑ ይህ ውኃ በመርፌ ብዙ ጊዜ ተቀድቶለታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተሽከርካሪ ወንበር መነሣት አልቻለም።

ወደ ብርሃን ጥናት ያስገባውም ይኸው ሕመም ነው። በኮፐንሀገን የሚኖርበት ክፍል ወደ ሰሜን የዞረና ፀሐይ የማይገባው ነበር። ሁልጊዜ ይደክመው፣ ደም ያነሰውም ይመስለው ነበር። ወደ ፀሐይ ሲወጣ ግን የሚሻለው ሆኖ ተሰማው። የሕክምና መጻሕፍት ስለዚህ ነገር የሚነግሩት አልነበረም፤ ስለዚህ እንስሳትን ማስተዋል ጀመረ። ከመስኮቱ ሆኖ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ድመት ያይ ነበር። የቤቱ ጥላ በደረሰባት ቁጥር ድመቷ ተነሥታ ፀሐይ ወዳለበት ትሻገራለች፤ ጥላው ሲከተላት ደግሞ ሌላ ጊዜ ትሻገራለች። ፊንሰን ፀሐይ ለሕይወት አንድ ጥቅም ባትሰጥ ኖሮ ድመቷ ይህን ያህል አትደክምም ነበር ብሎ አሰበ። ታሪኩ ቀላል ቢመስልም ቀሪ ሕይወቱን የወሰደውን ጥያቄ ያስነሣው እንዲህ ያለ ትዝብት ነው፤ ጥያቄውም ብርሃን በሕያው አካል ላይ ምን ይሠራል የሚል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

ከፊንሰን በፊት ጥቂት ነገሮች ታውቀው ነበር። በ1877 ዳውንስና ብለንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል አሳይተዋል። በ1889 ደግሞ ስዊድናዊው ቪድማርክ ፀሐይ ቆዳን የሚያቃጥለው በሙቀቷ ሳይሆን ለዓይን በማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር መሆኑን አረጋገጠ። በዚያ ዘመን ሰማያዊው፣ ሐምራዊውና አልትራቫዮሌቱ ጨረር በአንድነት የኬሚካል ጨረሮች ይባሉ ነበር፤ ምክንያቱም የፎቶግራፍ ፊልምን የሚለውጡት እነርሱ ናቸው።

ፊንሰን ትሎችን፣ ነፍሳትንና የሳላማንደር ሽሎችን በተለያየ ቀለም መስተዋት ሥር እያስቀመጠ ያጠና ነበር። ብርሃን የሚሸሹ ፍጥረታት ከሰማያዊው ሸሽተው በቀዩ ሥር ሲጠለሉ፣ ሽሎቹም በሰማያዊው ብርሃን ሲንቀሳቀሱና በቀዩ ጸጥ ሲሉ አየ። ከዚህም የኬሚካል ጨረሮቹ ሕያው አካልን የመቀስቀስ ኃይል አላቸው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ።

ሌላው ሙከራ በራሱ ክንድ ላይ የተደረገ ነው። በክንዱ ላይ በጥቁር ቀለም መስመር ቀብቶ ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆየው። ቀለሙ ሲታጠብ ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል፤ ዙሪያው ግን ቀልቶ ተቃጥሏል። ዙሪያው ከዳነና ከጠቆረ በኋላ ክንዱን ያለ ቀለም እንደገና ፀሐይ ላይ አወጣው። በዚህ ጊዜ የተቃጠለው ቀድሞ የተሸፈነው ነጭ መስመር ነበር፤ የጠቆረው ቆዳ ግን ምንም አልሆነም። በዚህ ቀላል መንገድ የቆዳ ጥቁረት ሰውነት ከፀሐይ ጨረር የሚከላከልበት ጋሻ መሆኑን አሳየ።

ቀዩ ክፍል

በ1893 ፊንሰን ብርሃን በቆዳ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ የመጀመሪያ ታዋቂ ጽሑፉን አወጣ። በዚህም ለፈንጣጣ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። የፈንጣጣ ጠባሳ ፊትና እጅ ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚያገኘው ገላ ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ የኬሚካል ጨረሮቹ ቁስሉን ያባብሱታል ብሎ ገመተ። በሽተኛውን በቀይ መጋረጃ ወይም በቀይ መስተዋት በተሸፈነ ክፍል ማስተኛት መግል መያዝንና ጠባሳን ይቀንሳል የሚል ምክር ሰጠ። ዘዴው በዚያው ዓመት በኖርዌይ በበርገን ከተማ ተሞከረ፤ የሞከሩት ሐኪሞችም ጥሩ ውጤት አየን አሉ። የፊንሰን ስም በሌሎች አገሮች መሰማት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ጊዜን አልተሻገረም። በኋላ ብዙ በሽተኞችን ያዩ ሐኪሞች ቀይ ክፍል የሚታይ ጥቅም አላገኙበትም። ፈንጣጣን ከምድር ያጠፋው ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መጥፋቱን ያወጀውም በ1980 ነው። ቀዩ ክፍል ለፊንሰን የጠቀመው በሌላ መንገድ ነው። ጎጂ ጨረርን ከበሽተኛው ማራቅ ከታሰበ፣ ያው ጨረር በትክክለኛ መጠንና ቦታ ቢውል ሊያድን ይችላል ወደሚለው ተቃራኒ ሐሳብ መራው።

ሉፐስን በብርሃን ማከም

ሉፐስ ቩልጋሪስ የሳንባ ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠር በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በአፍንጫና በጉንጭ ይጀምራል፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ይሰፋል፤ አፍንጫን፣ ከንፈርንና ጆሮን ይበላል። በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አውሮፓ ብዙ ድሆችን ያጠቃ ነበር። ሕመምተኞቹ ሥራ የሚሰጣቸው አያገኙም፤ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይሄዱ፣ ከሰውም ይሸሹ ነበር። የነበረው ሕክምና ቁስሉን በስለት መፋቅ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በሚያቃጥል መድኃኒት መቀባት ነበር። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ጠባሳው ከበሽታው አያንስም፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ በ1882 አግኝቶ ነበር። ፊንሰን ነገሩን አገናኘ፦ በሽታው የባክቴሪያ ከሆነ፣ ብርሃንም ባክቴሪያን የሚገድል ከሆነ፣ ቁስሉም ከቆዳ ብዙ ያልጠለቀ ከሆነ፣ ኃይለኛ ብርሃን ሊደርስበት ይገባል። በኖቬምበር 1895 ለስምንት ዓመታት በሉፐስ የተሠቃየና ሌላው ሕክምና ሁሉ ያልረዳው አንድ የኮፐንሀገን መሐንዲስ ለሙከራው ፈቃደኛ ሆነ። ሕክምናው የተደረገው በሆስፒታል ሳይሆን በከተማው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ ኃይለኛ የካርቦን አርክ መብራት የሚገኘው እዚያ ነውና። በሽተኛው በየቀኑ እየተመላለሰ መብራቱ ፊት ይቀመጥ ነበር። ቁስሉ መስፋቱን አቆመ፤ ከወራት በኋላም ዳነ።

ፊንሰን የዘዴውን ዝርዝር በ1896 አሳተመ። ሦስት ችግሮችን መፍታት ነበረበት። አንደኛው ሙቀት ነው። የአርክ መብራት ከብርሃን ጋር ብርቱ ሙቀት ይሰጣል፤ ቆዳን የሚያቃጥለው ሙቀቱ ከሆነ ሕክምናው ከብረት ትኩሳ አይሻልም። ስለዚህ ብርሃኑን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳለፈው። በፀሐይ ሲያክም ደግሞ በሰማያዊ የመዳብ ፈሳሽ የተሞላ ትልቅ ሌንስ ይጠቀም ነበር።

ሁለተኛው መስተዋት ነው። ተራ መስተዋት የአልትራቫዮሌት ጨረርን ትልቅ ክፍል ያስቀራል። ስለዚህ ለአርክ መብራቱ የሠራቸው ሌንሶች ከኳርትዝ ድንጋይ የተቀረጹ ነበሩ። ከአንድ ትልቅ መብራት አራት ቱቦዎች ወደ አራት አቅጣጫ ይወጡና አራት በሽተኞች በአንድ ጊዜ ይታከሙ ነበር።

ሦስተኛው ደም ነው። በቆዳ ውስጥ ያለው ደም ብርሃኑን ስለሚውጠው ወደ ጥልቀቱ አይደርስም። ፊንሰን በውስጡ ውኃ የሚዘዋወርበት ትንሽ የኳርትዝ መጫኛ ሠራ። ነርሷ ይህን መጫኛ ቁስሉ ላይ አጥብቃ ስትይዘው ቆዳው ነጭ ይሆናል፤ ደሙ ይሸሻል፤ ብርሃኑም ይገባል።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚታከመው የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ለዚያም አንድ ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ነርስ ከአንድ በሽተኛ አጠገብ ሳትነቃነቅ መጫኛውን ትይዛለች። በማግሥቱ ቦታው ይቀላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ቅርፊት ሠርቶ ይድናል። የአንድ ሰው ፊት እስኪያልቅ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ነገር ግን የሚቀረው ጠባሳ ለስላሳና ፈዛዛ ነበር፤ በሽተኛውም ፊቱን ገልጦ መሄድ ይችላል። ከስለቱና ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ልዩነት ይህ ነበር።

የብርሃን ተቋሙ

በ1896 የፊንሰን የሕክምና የብርሃን ተቋም በኮፐንሀገን ተመሠረተ። መጀመሪያ በከተማው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በቀላል ቤቶች ሥራውን ጀመረ። ገንዘቡ ከባለጸጋ በጎ አድራጊዎች የመጣ ሲሆን ከእነርሱም አንዱ የኢንዱስትሪ ባለቤቱ ሐገማን ነበር። በኋላም መንግሥትና ከተማው ረዱት፤ ተቋሙም ወደ ሰፊ ቦታ ተዛወረ።

ከተቋሙ መዝገብ እንደታየው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከታከሙት 804 የሉፐስ በሽተኞች መካከል 83 ከመቶ ያህሉ ድነዋል። ቀደም ሲል እንደማይድን ይቆጠር ለነበረ በሽታ ይህ አስገራሚ ውጤት ነበር። ፊንሰን በሽተኞቹን ከሕክምናው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ያስነሣ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ተጠራጣሪዎችን ከማሳመናቸውም በላይ እስከ ዛሬ የሕክምና ታሪክ ማስረጃ ሆነው ቀርተዋል።

ሐኪሞች ዘዴውን ለመማር ከብዙ አገር ወደ ኮፐንሀገን ይጎርፉ ጀመር። የዴንማርክ ንጉሥ ልጅ የነበረችውና በኋላ የእንግሊዝ ንግሥት የሆነችው አሌክሳንድራ በ1900 የፊንሰን መብራት ለለንደን ሆስፒታል ሰጠች። ፊንሰን በ1898 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ፣ በ1899 ደግሞ የዳነብሮግ ኒሻን ተቀበለ።

የኖቤል ሽልማት

የኖቤል የሕክምና ሽልማት መሰጠት የጀመረው በ1901 ነው። የመጀመሪያውን ጀርመናዊው በሪንግ፣ ሁለተኛውን እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ ወሰዱ። ሦስተኛው፣ የ1903ቱ፣ ለፊንሰን ተሰጠ። የሽልማቱ ምክንያት በሽታዎችን፣ በተለይም ሉፐስ ቩልጋሪስን፣ በተሰበሰበ የብርሃን ጨረር በማከም ለሕክምና ሳይንስ አዲስ መንገድ መክፈቱ ነበር። ሩስያዊው ፓቭሎቭ በ1904፣ ሮበርት ኮክ ደግሞ በ1905 ከእርሱ በኋላ ተሸለሙ።

ፊንሰን ሽልማቱን ለመቀበል ወደ ስቶክሆልም አልሄደም፤ ከወንበሩ መነሣት አይችልም ነበርና። ከገንዘቡ ትልቁን ክፍል ለብርሃን ተቋሙና የልብና የጉበት ሕመምተኞች ለሚታከሙበት ማገገሚያ ሰጠ። በ1904 ከስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የካመሮን ሽልማትም ተሰጠው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

የፊንሰን የመጨረሻ ምርምር በራሱ አካል ላይ ነበር። የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱም የሚወጣውን ለረጅም ጊዜ በትክክል እየመዘነ ይመዘግብ ነበር። ከዚህ መዝገብ በሽታው ባለበት ሰው ሰውነት ውስጥ ጨው እንደሚጠራቀምና ውኃውም ከጨው ጋር እንደሚያያዝ ተገነዘበ። የሚጠጣውን በመቀነስና ጨው ያነሰበት ምግብ በመመገብ ለጊዜው እፎይታ አገኘ። ይህን በ1904 ያሳተመው ጽሑፍ የመጨረሻው ሥራው ሆነ። ዛሬ የልብና የጉበት ሕመምተኞች ጨው እንዲቀንሱ መምከር የተለመደ ነው።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1904 በኮፐንሀገን አረፈ።

ብርሃኑ እንዴት አዳነ?

ፊንሰን ውጤቱን ያመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ባክቴሪያውን በቀጥታ ስለገደለ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች የቀሩትን መሣሪያዎቹን አውጥተው ለኩ። ሌንሶቹና ማጣሪያዎቹ ከ340 ናኖሜትር በታች ያለውን ጨረር የማያሳልፉ ሆነው ተገኙ፤ ባክቴሪያን በቀጥታ በመግደል የታወቀው ጨረር ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ሌላ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ፖርፊሪን የሚባሉ ብርሃን የሚውጡ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ሲያገኙ ሲንግሌት ኦክስጅን የተባለ ኃይለኛ የኦክስጅን ዓይነት ይፈጥራሉ፤ ባክቴሪያውንም የሚገድለው እርሱ ነው። ስለዚህ ፊንሰን ስለ ምክንያቱ ቢሳሳትም በሽተኞቹ መዳናቸው እውነት ነበር።

የሉፐስ የብርሃን ሕክምና ለግማሽ መቶ ዘመን ያህል ቆየ። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ በ1952 ደግሞ አይሶናያዚድ ለቲቢ መዋል ጀመረ። ከዚያ በኋላ መብራቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ሙዚየም ገቡ።

ከፊንሰን እስከ ሌዘር

የፊንሰን መብራት ቢቀርም ሐሳቡ አልቀረም። በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ ፀሐይ ያገኛቸው አራስ ሕፃናት ቢጫነታቸው እንደሚቀንስ አስተዋለች፤ ከዚህም ቢጫ የሆኑ ሕፃናትን በሰማያዊ ብርሃን ማከም ተጀመረ። ይህ ሕክምና ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የሚሠራበት ነው። ሶርያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታም 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይታዘዛል።

በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ሠራ። በ1967 የቡዳፔስቱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንድሬ ሜስተር ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ሞከረው። ካንሰር አልያዛቸውም፤ ይልቁንም ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ፀጉር ቶሎ አበቀለ። ሜስተር ከዚያ ለረጅም ጊዜ እምቢ ያሉ ቁስሎችን በዚህ ደካማ ሌዘር ማከም ቀጠለ። ዝቅተኛ ኃይል ያለው የሌዘር ሕክምና የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

በፊንሰን ዘዴና በዚህ ሕክምና መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ፊንሰን ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን በከፍተኛ ኃይል ተጠቅሞ ቆዳው እስኪቀላና ውኃ እስኪቋጥር ያደርስ ነበር። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር የሚደርስ ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን ነው፤ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዋት አይበልጥም፤ ቆዳን አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ በሴል ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ብርሃኑን ይቀበላል፤ በዚህም የሴሉ ኃይል የማመንጨት ሥራ ይነቃቃል፣ እብጠትና ብግነትም ይቀንሳል የሚል ነው።

ሕመምን ስለማስታገስ ያለው ማስረጃ እንደየበሽታው ይለያያል። በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ በአንገት ሕመም ላይ የተደረጉ 16 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 820 ሕመምተኞችን፣ መርምሮ ሌዘሩ ሕመምን እንደሚቀንስ፣ ሥር በሰደደ ሕመምም ጥቅሙ ከሕክምናው በኋላ እስከ 22 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል አመለከተ። የካንሰር ሕክምና በሚወስዱ ሰዎች አፍ ውስጥ የሚወጣውን የሚያሠቃይ ቁስል ለመከላከልም ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ይመክረዋል። ለታችኛው ጀርባ ሕመም ግን የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርስ አይስማማም። መጠኑና የብርሃኑ ዓይነት ካልተስተካከለ ጥቅም አይሰጥም፤ ዓይንን መከለል ግዴታ ነው፤ ካንሰር ባለበት ወይም በሚጠረጠርበት ቦታ ላይም ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም። የሕመሙን ምክንያት መመርመርንም አይተካም።

መታሰቢያ

በኮፐንሀገን በ1909 በቀራፂው ሩዶልፍ ቴግነር የተሠራ ሐውልት ለፊንሰን ቆሞለታል። ሐውልቱ ወደ ብርሃን ይባላል፤ እርቃናቸውን ሆነው ወደ ላይ የሚዘረጉ ሰዎችን ያሳያል። በትውልድ ከተማው በቶርስሀቭንም መታሰቢያ አለው። በኮፐንሀገን ስሙን የያዘ ቤተ ሙከራ የካንሰር ምርምር ያካሂዳል።

በጨረቃ ጀርባ፣ ከምድር በማይታየው ክፍል፣ አንድ ጉድጓድ በፊንሰን ስም ተሰይሟል። በጃንዋሪ 2019 በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈችው የቻይና መንኮራኩር የቆመችበት አፈር፣ ይህ ጉድጓድ ሲፈጠር የተረጨ ነው ተብሎ ይታመናል።